ለማየት ነው ወይስ ለመንካት?

መስከረም 22

ለወንድሜ ልጅ፣ ለምንድነው፤

ይኸው ገና በመጀመሪያው መስመር ሳቅሁ። በልጅነትህ ያየኸውን ሁሉ «ምንድነው? ምንድነው?» እያልክ ስታደርቀን አያትህ ያወጡልህ ስም፣ ከፊቱ «ለ» ስጨምርበት ራሱ ጥያቄ ይሆናል። ለማንኛውም ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ጤናህን አይንሳህ፣ እጅህ የያዘው ሁሉ ይቃናልህ። እኛ ቸር ነን። ባለቤቴ፣ የሚጣ አባት፣ ወገቡን እያመመው ልብስ ስፌቱን አልተወም። ትንሽ እረፍ ስለው «መኪናዋ ሳታርፍ እኔ ምን ሆኜ አርፋለሁ?» ይለኛል።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፋለች እንዳትል። ስልክ ላይ ሰው የሚያወራው ያሰበውን ሳይሆን አፉ ላይ የመጣለትን ነው። እኔ ደግሞ አሁን የምጠይቅህን በደንብ አስቤበታለሁ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን ለሙከራ ተመርጧል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሦስት ቀን ክፍል፣ ሁለት ቀን ሥራ ቦታ እየዋሉ ይማሩ ተብሏል። ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ማተሚያ ቤት። ከትምህርት ቢሮ የመጣው ሰውዬ ግማሽ ቀን ሙሉ በስላይድ አስረዳን። ቀስት ነበረ፣ ክብ ነበረ፣ «ባለድርሻ አካላት» የሚል ቃል በየገጹ ነበረ። ሲጨርስ «ጥያቄ አለ?» ቢል ሁሉም አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ከዚያ ርዕሰ መምህራችን ወደ እኔ ዞሮ «ኮሚቴውን ምክትሌ ትመራለች» አለና ተገላገለ። ዕድሜዬን ሁሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሴትዮ፣ ልጅ ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሚማር በምን አውቄ?

እምቢ ግን አላልኩም። ምክንያቱን ልንገርህ። ከቢሮዬ መስኮት ሥር የግቢው አጥር አለ። ከአጥሩ ውጪ አምና ያስተማርኳቸው፣ ፈተናውን ያላለፉ ልጆች ይቀመጣሉ። የሚሄዱበት የለም፣ የሚመለሱበትም የለም። ደወል ሲደወል ግን እስካሁን ቀና ይላሉ። በቀደም ሳልፍ አንዱ «ቲቸር፣ ያ ኤክስ እስካሁን አልተገኘም?» አለኝ። ሳቅሁ። ቢሮዬ ገብቼ ግን በመስኮቱ ቁልቁል አየኋቸው። አልፈው፣ ተመርቀው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው የተመለሱትም እዚያው አጥር ሥር ከእነሱ ጎን ተቀምጠዋል። ያለፈውም የወደቀውም አንድ አጥር ከተደገፈ፣ እኛ እዚህ ውስጥ ምን እየሠራን ነው?

አንተ በአሥራ ሰባት ዓመትህ ከአባትህ ጋር ውጭ አገር ሄደህ ትምህርቱንም ሙያውንም በአንድ ላይ ተምረሃል። ዛሬ ሊፍት ጠጋኝ ብቻ ሳትሆን የሊፍት ጠጋኞች አስተማሪ ነህ። እስቲ ንገረኝ፤ ሠልጣኞቻችሁ ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት? የሚያሠራቸው ሰው እንዳይጫወትባቸው ማን ያያል? መንገዱን የጀመረ ልጅ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

ሚጣ ደህና ናት፣ ታጠናለች።

አክስትህ


ጥቅምት 18

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ሰላምታዬ ለእርስዎም፣ ለሚጣ አባትም፣ ለወገባቸውም ይድረስልኝ። ደብዳቤዎን ጣቢያው ላይ ቆሜ ሳነብ ባቡሬ ጥሎኝ ሄደ። ምንም አልቆጨኝም፤ ሁለተኛ አነበብኩት።

ማሠልጠኛችን አሮጌ መጋዘን ነው። ውስጡ አራት ሊፍቶች ቆመዋል። ሁለት ፎቅ ያህል ወጥተው የትም ሳይደርሱ ይመለሳሉ። ሥራቸው መበላሸት ነው። ጠዋት እኔ አበላሻቸዋለሁ፣ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ምን እንደነካሁ ሲፈልጉ ይውላሉ። በዚህ ከተማ ሊፍት ለማበላሸት የተቀጠረ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ልጆቹ ከአሥራ ስድስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከሳምንቱ የተወሰነውን ቀን እኔ ጋ፣ የተወሰነውን ክፍል ውስጥ፣ የቀረውን ደግሞ ከእውነተኛ ጠጋኝ ጋር እውነተኛ ሕንፃ ላይ ይውላሉ። እዚያ ሲሄዱ ፊታቸው ይለወጣል። እኔ ጋ ቢሳሳቱ ሊፍቱ ይቆማል። እዚያ ቢሳሳቱ ግን ስምንተኛ ፎቅ ላይ በዊልቸር የምትኖር ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ቤት ትውላለች።

ሁሉ ነገር ማር ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። እኔ ሠልጣኝ ሳለሁ አብሮኝ የነበረውን ልጅ አንድ ድርጅት ወስዶ ሙሉ የሥልጠና ዘመን መጥረጊያ አስይዞ አከረመው። «ምን ተማርክ?» ብለን ብንጠይቀው «አቧራ የት የት ጥግ እንደሚወድ» አለን። ሳቅን እንጂ ያ ልጅ ተመልሶ አልመጣም። ከእሱ በኋላ ነው ደንቡ የተለወጠው። አሁን አንዲት ሴትዮ በየሥራ ቦታው ትዞራለች። አሠሪው በሌለበት ሠልጣኙን ለብቻው ወስዳ «ባለፈው ስመጣ የማትችለው የነበረ፣ አሁን ግን የምትችለው ነገር ምንድነው? አሳየኝ» ትለዋለች። ንገረኝ አይደለም፣ አሳየኝ ነው። የሚያሳየው ከሌለ ልጁን ይዛው ትሄዳለች።

ሐሳብ የሚቀይር ልጅ ላሉት፣ ድሮ ሙያ የመረጠ ልጅ የዩኒቨርሲቲ በር እንደተዘጋበት ይቀር ነበር። ለዚህ ነው ወላጆች የሚፈሩት የነበረው፤ እውነታቸውን ነው። በኋላ ነው ከዚህም ወደዚያ፣ ከዚያም ወደዚህ መሻገር የተፈቀደው። አባቴ ያንን መሻገሪያ ባያይ ኖሮ ለእኔም አይፈርምልኝም ነበር።

አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። ድሮ የደብዳቤዎ ግማሽ ሚጣ ነበረች፤ ምን ፈታ እንደበተነች፣ ለማን ምን ብላ እንደመለሰች። አሁን «ደህና ናት፣ ታጠናለች» ብቻ። እሷም አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች አይደል? እንዴት ሆነች?

አክባሪዎ


ኅዳር 25

ለወንድሜ ልጅ፤

ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፣ ደብዳቤህ ዓይኔን ከፈተልኝ። ያቺን «አሳየኝ» የምትል ሴትዮ ደግሞ ቤቴ ጠርቼ ባስተናግዳት ደስ ይለኝ ነበር።

እኔም እንደ እሷ ዞርኩ። ከአንድ የፊዚክስ መምህር ጋር ነው የወጣሁት። በመንገድ ላይ «የእኔ ክፍለ ጊዜ ተቆርሶ ለዳቦ ቤት ሊሰጥ ነው?» እያለ ሲያጉረመርም ሄደ፣ ሲያጉረመርም ተመለሰ። በመሐል ግን ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ሲከፍትለት ወሬውን ረስቶ ስለ ሙቀት ሲጠይቅ ቆየ። ጎትቼ ነው ያወጣሁት።

ጋጋሪው ሳቀብን። «ተማሪዎቹ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለ። በትምህርት ሰዓት ነዋ፣ አልኩት። «እንግዲያው የሚያዩት ባዶ መደርደሪያ ነው። በዚያ ሰዓት እኮ ዳቦው ተበልቷል» አለኝ። የሰዓት ድልድላችንን ያወጣነው ሰዎች አንዳችንም ዳቦ መቼ እንደሚጋገር አላሰብንም።

የጋራዡ ባለቤት ደግሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠንና «ልጆቹ የሚመጡት ለማየት ነው ወይስ ለመንካት?» አለ። ምን ለውጥ አለው ብዬ ጠየቅሁት። «ለማየት ከሆነ ወንበር አለ፣ ይቀመጡ፤ ከሳምንት በኋላ ይሰለቻቸዋል። ለመንካት ከሆነ ግን የሰው መኪና ነው። ሲያበላሹ ተጠያቂው ማን ነው? እሱን ወስናችሁ ኑ።» ይህን ጥያቄ ለትምህርት ቢሮው ሰውዬ ወሰድኩለት። «በመመሪያው ውስጥ ይካተታል» አለኝ። እስካሁን አልተካተተም።

ከሁሉም የማረከኝ ሆስፒታሉ ነው። ምድር ቤት ውስጥ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት የዕቃ መጠገኛ ክፍል አለ። ኃላፊዋ ግንባሯ ላይ ባትሪ ያሰረች ቀጭን ሴት ናት። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ በተበላሸ ዕቃ ተሞልቷል፤ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሕፃናት ማሞቂያ፣ ሚዛን፣ ስሙን የማላውቀው ሁሉ። «ስንት ዓመት ተቀመጡ?» ብላት «አንዳንዶቹ እኔ ስቀጠር ተቀብለውኛል» አለችኝ። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እንልክልሽ ይሆን ስላት «ጎበዙ ይቅርባችሁ፤ የሚታገሥ ልጅ ስጡኝ» አለች።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። አንድ ልጅ አለ እንበል። ሒሳብ ይችላል። ማንም የሚመካበት ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ድንገት ተነሥቶ ይህን መንገድ ቢመርጥ፣ ያ ሁሉ ጭንቅላት መባከኑ አይደለም? የሚጣ አባት እንኳ፣ ራሱ ባለሙያ ሆኖ፣ «እኔ መርፌ የያዝኩት ልጆቼ መርፌ እንዳይዙ ነው» ይላል። እኔ ምን ብዬ ልመልስለት?

ደህና ሁንልኝ፤ ቶሎ ጻፍ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 28

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ቸር ከርማችኋል? እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ብርዱን ካልቆጠርነው።

የጋራዡን ባለቤት ጥያቄ ለባልደረቦቼ ተረጎምኩላቸው። አንዱ ወዲያው ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ጻፈው። እኛ ጋ መልሱ ኢንሹራንስ ነው፤ ልጁ ሲነካ የሚደርሰውን ጉዳት የሚሸፍን ውል ሳይኖር አንድም ሠልጣኝ አይወጣም። መመሪያው እስኪመጣ አይጠብቁ፣ እርስዎ ራስዎ ይጠይቁ።

ስለዚያ «አንድ ልጅ»። እዚህ ቀይ መነጽር የምታደርግ ሠልጣኝ ነበረችኝ። ሒሳቧ ከእኔ ይበልጣል። ሊፍት ከኋላው የሚያመዛዝነው ክብደት አለው፤ ስንት ሰው ቢገባ ስንት ቢወጣ ሞተሩ እንዳይደክም ተሰልቶ ነው የሚሠራው። እሷ ስሌቱን ጨርሳ «ታዲያ ሕንፃው ውስጥ የሚኖሩት ሽማግሌዎች ብቻ ከሆኑስ? ጠዋት ጠዋት ወጣቶች ብቻ የሚወርዱ ከሆነስ?» እያለች ታስቸግረኝ ነበር። ከዓመት በኋላ ተሻግራ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ወደ እኛ መጣ። እሷን ከፍ አለች፣ እሱን ወደቀ ያለ ሰው አልሰማሁም። ሰው ስለ ልጁ ጭንቅላት መባከን ሲጨነቅ፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ጥያቄው ሲያልቅበት ነው። ክፍል ውስጥም ሆነ መጋዘን ውስጥ፣ ጥያቄ ያለቀበት ልጅ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የትም ቢያስቀምጡት ያው ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «አንድ ልጅ» ያሉት ልጅ ሴት ናት? አጭር ጸጉር አላት? ግራኝ ናት?

ቤተሰብ ነኝና ነው የጠየቅሁት። ካልፈለጉ አይመልሱልኝ።

አክባሪዎ


የካቲት 20

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ካለፈው ደብዳቤዬ በኋላ ድምፅዎ ጠፋብኝ። በመጨረሻ የጠየቅሁት ከአፌ ያመለጠ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ሳምንት ስደውል የሚጣ አባት አንሥተው «ሁላችንም ደህና ነን፣ አክስትህ ስብሰባ ላይ ናት» አሉኝ። ሚጣን ያቅርቡልኝ ስላቸው «እሷም ስብሰባ ላይ ናት» አሉ። ምን ዓይነት ስብሰባ ነው እናትና ልጅን ያስቀመጠው? ሳስበው ከረምኩ።

አንድ መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 14

ለወንድሜ ልጅ፤

አዎ። ሴት ናት፣ አጭር ጸጉር አላት፣ ግራኝ ናት።

መጀመሪያ ስብሰባውን ልንገርህ፤ የሚጣ አባት አልዋሸህም። የወላጆች ስብሰባ ጠርተን ነበር። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩ ሁሉ ነበሩ። እኔ ተነሥቼ አስረዳሁ። ያንተን መጋዘን፣ የዳቦ ቤቱን፣ የጋራዡን፣ ሁሉንም። ኢንሹራንሱንም ተሯሩጬ አስጨርሼው ነበርና ደረቴን ነፍቼ ነው የተናገርኩት። ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ሳይ በቃ አለቀ አልኩ።

ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተነሣ። ልጁን አስተምረዋለሁ። ቆቡን አወለቀና «ቲቸር፣ ንግግርዎ ጥሩ ነው» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የእኔ ልጅ ስም ከተመዘገቡት ውስጥ አለ። እርስዎም እዚሁ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አለዎት። የእሷ ስም አለ?»

የለም። የመዘገብነው ውጤታቸው ዝቅ ያለውን ልጆች ነበር። ኮሚቴው እንደዚያ ወሰነ፣ እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልኩ።

ሾፌሩ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «የሌለችበት ምክንያት ካለ ይንገሩን፤ እኛም በዚያው ምክንያት ልጆቻችንን እናውጣ» አለና ተቀመጠ።

ሚጣ ከኋላ ሆና ከጓደኞቿ ጋር ወንበር ታቀብል ነበር። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት። የያዘችውን ወንበር ቀስ አድርጋ አስቀምጣ ወጣች።

ቤት ስደርስ አባቷ ስፌቱን አቁሞ ተቀምጧል። ሚጣ ቆማ ጠበቀችኝ። «ነገ ሄደሽ 'ልጄንም አስመዝግቤያለሁ' ልትያቸው ነው አይደል?» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ልክ እሱን ነበር። «ለስብሰባሽ ማስረጃ አልሆንም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምንድነው የምትፈልጊው?» አለ አባቷ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሳላየው በምን አውቃለሁ? አባዬ፣ አንተ ጨርቅ ሳትዳብስ ትገዛለህ?»

ያ ሰውዬ ጨርቅ ሳይዳብስ የገዛበት ቀን የለም፤ ነጋዴዎቹ ሲያዩት ጥቅሉን ይሸሽጋሉ።

አሁን እንግዲህ «ደህና ናት፣ ታጠናለች» እያልኩ የማልፍህን ነገር ልንገርህ። ዓመቱ ከገባ ጀምሮ መጽሐፏን ገልጣ ትቀመጣለች፣ ገጹ ግን አይዞርም። ውጤቷ አልወረደም፤ ያ ነው የሚያስፈራኝ። ሳትፈልገው ትሠራዋለች። ስጠይቃት «ምንም» ትላለች። እቃ መፍታቷን ትታለች፣ ለሰው መልስ መስጠቷን እንኳ ትታለች። ይህችን የማላውቃትን ጸጥተኛ ልጅ እንደ በሽታ ደብቄ ይዤ፣ ለሌላ ሰው ልጆች ፕሮግራም አወጣ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ሳልይዝ እነ ሚጣ ክፍል ገባሁ። «ዛሬ ሒሳብ የለም» አልኳቸው። «ስለ እናንተ ስንከራከር ከርመናል። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወሬው መጣ። አንዷ «እኔ ጋራዡን እወደዋለሁ። ግን የሚሄደው የወደቀ ነው ስለተባለ አልሄድም» አለች። አንደኛ የሚወጣው ልጅ ደግሞ ተነሥቶ ምን አለ መሰለህ? «እኔ አንደኛ ስለወጣሁ ማተሚያ ቤቱን ማየት ተከልክያለሁ ማለት ነው?» እስከዛሬ እንዲህ የተበደለ መስሎ የቆመ አንደኛ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ሚጣ ቀና ብላ ትሰማ ነበር።

ዝርዝሩን ቀደድነው። አሁን ከአንደኛው እስከ መጨረሻው፣ የእኔንም የሾፌሩንም ልጅ ጨምሮ፣ ሁሉም ልጅ ራሱ የመረጠው ቦታ ሄዶ ሁለት ሁለት ሳምንት ይውላል። ለመንካት ነው። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱን የሚመርጠው። ሥራ ቦታውን የመረጠም ሒሳቡንና ሳይንሱን አይተውም፣ ለፈተናውም መቀመጥ ይችላል። ዳቦ ቤት የሚሄዱት ጋጋሪው በሚሠራበት ሰዓት ሄደው በጊዜ ይመለሳሉ። የትምህርት ቢሮው ሰውዬ «ይሄ በመመሪያው የለም» አለ። የጠየቅንህ ኢንሹራንስም አልነበረም፣ አልኩት።

ሁለተኛ ስብሰባ ጠርተን ይህንን ስናገር ሾፌሩ ተነሣ። ልቤ ቆመ። «አሁን ሌላ ነገር ነው» አለ። «ግን እኔም አንድ ቀን ሄጄ ልየው።» ወላጆች ሁሉ መሄድ ይችላሉ ብለን ጨመርን።

አልጻፍኩልህም ብለህ አትቀየመኝ። የምጽፈው እውነት አልነበረኝም።

አክስትህ


ሚያዝያ 10

ለውድ አክስቴ፤

«ልቤ ቆመ» ያሉት ጋ ስደርስ የኔም ቆሞ ነበር። ያ ሾፌር ጤና ይስጠው! እንደ እሱ ያለ ወላጅ በየስብሰባው አንድ አንድ ቢኖር ስንት ነገር በጊዜ ይቃና ነበር።

አንድ የገረመኝን ልንገርዎት። እዚህ ይህን ያህል ዓመት ስንሠራ፣ ጥሩ ውጤት ያላቸውን ልጆች መጥታችሁ ንኩ ያላቸው የለም። በአብዛኛው የሚላኩልን ሰው የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋበት ልጆች ናቸው፤ እኛም ለምደነዋል። ደብዳቤዎን ለአለቃዬ በቃሌ ተረኩለት። ቢሮው ገባ ብዬ እንድቀመጥ አደረገኝና «አንደኛው ልጅ ማተሚያ ቤቱን ሲያይ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። «እንግዲያው ጠይቅ እንጂ!» አለኝ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጠያቂው እኔ ነኝ። ምን አለ? ሁለት ሳምንቱስ ይበቃል? እምቢ ብሎ የተመለሰ አለ? ሾፌሩ ሄደ?

እና ሚጣስ? የት መረጠች? ይህን ያህል ገጽ ጽፈው እሱን ብቻ ዘለሉት!

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 5

ለወንድሜ ልጅ፤

የዘለልኩት ስላልመረጠች ነበር። አሁን ግን ወሬ ሞልቶኛል፤ ሰላምታውን እንደደረሰህ ቁጠረውና ልቀጥል።

የአለቃህን እንመልስለት። አንደኛው ልጅ ማተሚያ ቤቱን ለሁለት ሳምንት በጣም ወደደው፣ ከዚያ «ለሁልጊዜው አይሆነኝም» ብሎ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። አሁን ግን መጽሐፍ ሲይዝ ገልብጦ ጥራዙን ነው መጀመሪያ የሚያየው። ዳቦ ቤት ከሄዱት ሁለቱ በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ አሸንፏቸው ቀሩ። የሾፌሩ ልጅ ጋራዡን መረጠ። አባቱ ሄዶ ያየው ሲሆን፣ ከባለቤቱ ጋር ስለ ፍሬን ተጨቃጭቀው ዛሬ ወዳጅ ናቸው። አንዲት ልጅ ደግሞ ሁሉም ቦታ ሄዳ የትኛውንም አልወደደችም፤ «አሁን ቢያንስ የማልፈልገውን አውቃለሁ» አለችኝ። እሷን ምን እንደምናደርግ አላወቅንም፤ እናንተ የምታውቁት ካለ ላኩልን።

ሚጣ ሆስፒታሉን መረጠች፣ ያንን ምድር ቤት። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነገረችንም። እኛም እንዳንጠይቅ ተማምለን በእግራችን ጠረጴዛ ሥር እንረጋገጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አባቷ አልቻለም። «ልብስ ላደርስ ነው» ብሎ ወጣና በቀጥታ እዚያ ሄደ። ሚጣ የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ስትሰፋ አገኛት። ተቀዶ ነበር። አባቷ መነጽሩን አድርጎ አየውና «ይሄ ስፌት ነው ወይስ የዶሮ መንገድ?» አላት። ኃላፊዋ ዞር ብላ «የተሻለ የሚችል ከሆነ ይቀመጥ» አለች። ተቀመጠ። አንደኛውን እሱ፣ ሁለተኛውን እሷ፣ ሲሰፉ ዋሉ። ማታ ሲመጣ ስለ መርፌ ምንም አላለም። «ክሩ ወፍራም መሆን ነበረበት» ብቻ አለና ተኛ። በማግስቱ በሚጣ ኪስ ውስጥ ወፍራም ክር አገኘሁ።

ከዚያ እኔም ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ግንባሯ ላይ ባትሪ አስራ፣ የሕፃናት ሚዛን ላይ አጎንብሳለች። ክፍሉን የተሳሳትኩ መስሎኝ ልወጣ ስል «እማዬ፣ በሩን ዝጊው፣ ነፋስ እንዳይገባ» አለች ሳትዞር። በእግሬ ኮቴ አውቃኛለች። እኔ ልጄን በጀርባዋ አላወቅኋትም።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለህ? «ይህ ሚዛን ጠዋት ጠዋት ባዶውን ሆኖ ትንሽ ክብደት ያሳያል። ከሰዓት በኋላ ግን በትክክል ዜሮ ላይ ይቆማል። ነርሶቹ ዜሮ ማድረጊያውን ተጭነው ይመዝኑበታል። ለምን ይመስልሻል?»

ጠረጴዛው ዘንበል ብሎ ይሆናል አልኩ። «ለክቼዋለሁ። ደግሞስ ጠረጴዛው ከሰዓት በኋላ ይቃናል?» ብርድ ይሆናል አልኩ። «አዳሩን በብርድ ልብስ ሸፍኜው ነበር፤ ያው ነው።» ኃላፊዋን ጠየቅኋት፤ ትከሻዋን ነቅንቃ «እኔም አላውቅም፤ እሷ ናት ያነሣችው፣ እሷ ትጨርሰው» አለች። ተማሪዎች ውጪ እየጠበቁኝ፣ ጫማዬን አውልቄ በርጩማ ላይ ቆሜ የሚዛኑን ሆድ ዕቃ አየሁ። ምንም አልገባኝም። እንዲህ ደስ ብሎኝ ምንም ሳይገባኝ የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሚጣ ፈርማለች። ሦስት ቀን ክፍል፣ ሁለት ቀን ምድር ቤት። ወደፊት ትሻገር አትሻገር አላውቅም። ለፈተናው ትቀመጥ ይሆናል፣ ላትቀመጥም ትችላለች። እኔም ልጠይቃት እየፈለግሁ እተወዋለሁ፤ ምክንያቱም እራት ላይ ሌላ ወሬ አለን። አባቷ እርጥበት ነው ይላል፤ ጨርቅም ጠዋት ይከብዳል ብሎ። እኔ አንድ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚሠራ ማሽን በግድግዳው ማዶ አለ ባይ ነኝ። ሚጣ ሁለታችንንም «ማስረጃችሁን አምጡ» ትለናለች። ትናንት አባቷ በእግሩ ሄዶ ግድግዳውን ሲዳብስ ተይዟል።

አንተ እንዲህ ያለ ነገር ስታበላሽና ስትጠግን የኖርክ ሰው ነህ፤ ምናልባት ይህን ስታነብ ምክንያቱ ወዲያው ብልጭ ብሎልህ ይሆናል። እንግዲያው አደራህን፣ የአክስትህን ጥያቄ ሁሉ መልስልኝ፣ ይህችን ብቻ ግን እንዳትመልስ። ገና እየፈለግን ነው።

አክስትህ